ሊኑክስ ላይ ለፍላሽ ስም መስጠት፣ በመስኮት ይሻላል ወይስ በተርሚናል?

ሁለት ሶስት ፍላሽ አንድ ላይ ስትሰኩ ሁሉም «16 ጂቢ ቮልዩም» እየተባሉ ከመጡ የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት ነው ያለው፣ ሌብል (ለፍላሹ የምትሰጡት ስም) ሲኖራቸው ግን ወዲያው ይለያሉ። ሌላም ጥቅም አለው፣ ፍላሹ የሚከፈትበት ፎልደር ስሙን ከሌብሉ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ የባካፕ ስክሪፕት ካላችሁ ሊኑክስ ራሱ ለፍላሹ የሚሰጠው መለያ ዛሬ ኤስዲቢ ነገ ኤስዲሲ ቢሆንም ስክሪፕቱ ያገኘዋል።

አንድ ፍላሽ ብቻ ከሆነ በመስኮት አድርጉት። ግኖም ዲስክስ የሚባለውን የዲስክ ፕሮግራም ክፈቱ፣ በግራ በኩል ፍላሹን ምረጡ፣ ፓርቲሽኑን (ፋይሎቹ ያሉበትን የፍላሹን ክፍል) ነክታችሁ በካሬዋ ምልክት አንማውንት አድርጉ፣ ማለትም ከሲስተሙ አላቁት፣ ከዛ ጥርስ ያላትን ምልክት ተጭናችሁ «ኤዲት ፋይልሲስተም» ውስጥ ስሙን ጻፉ፣ አለቀ። ጂፓርትድ የሚባለው ሌላ የዲስክ ፕሮግራምም ይሰራል ግን ሁሉንም ዲስክ ስካን እስኪያደርግ ትጠብቃላችሁ፣ ደግሞ እዛ ውስጥ «ኔም ፓርቲሽን» የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ የፓርቲሽኑ ስም ነው፣ ፋይል ማናጀር ላይ የምታዩት «ሌብል ፋይል ሲስተም» የሚለው ነው። በመጨረሻ አፕላይ ካላላችሁ ምንም አይቀየርም።

ብዙ ፍላሽ ካለ ወይ ዴስክቶፕ የሌለው ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ግን ተርሚናሉን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ሁሌም ዲስኮቹን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ኮማንድ በሉ፣ እንዲሁ ስትጠሩት መጠኑን ያሳያችኋል፣ ሰረዝ ኤፍ ስትጨምሩበት ደግሞ ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች የሚቀመጡበትን አሰራር፣ ለምሳሌ ፋት32) እና አሁን ያለውን ሌብል፣ ሁለቱንም እዩ እባካችሁ፣ ምክንያቱም ሌብሉን በስህተት የሲስተም ዲስካችሁ ላይ ብትቀይሩት ፋይል ባይጠፋም ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ዲስኩን በሌብል የሚፈልግ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። ፍላሹ ኤስዲቢ ከሆነ የምትሰሩት ኤስዲቢ1 ላይ ነው፣ ሌብል የሚጻፈው ፓርቲሽኑ ውስጥ ባለው ፋይል ሲስተም ላይ ነዋ። በሱዶ ዩማውንት (ሱዶ ኮማንዱን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያሰራ ነው) አንማውንት አድርጉት፣ ከፋይል ማናጀሩ ኢጀክት አትበሉት፣ ብዙ ጊዜ ፍላሹን ጭራሽ ከሲስተሙ ያስወጣውና እንደገና ነቅሎ መሰካት ይመጣል።

ቀጥሎ ኮማንዱ እንደ ፋይል ሲስተሙ ይለያያል። ለፋት32 ሱዶ ፋትሌብል፣ ከዛ /ዴቭ/ኤስዲቢ1፣ ከዛ ስሙ። ለኤክስት4 ኢ2ሌብል፣ ለኤንቲኤፍኤስ ኤንቲኤፍኤስሌብል፣ ለኤክስፋት ኤክስፋትሌብል፣ አጻጻፉ ያው ነው። ፋት32 ከ11 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ ኤክስት4 እስከ 16 ይይዛል። ፋት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ብትጽፉ ይሻላል፣ ትንንሹን አንዳንድ ሲስተም በትክክል አያነበውም።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ፣ ኢንተርኔት ላይ ኤምኬኤፍኤስን ሰረዝ ኤን ጨምራችሁ ስም ስጡ የሚል ምክር ካያችሁ እሱ ፎርማት ማድረጊያ ነው፣ ስሙን ይሰጣል ግን ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ነው፣ ባዶ ፍላሽ ካልሆነ አትንኩት። ስትጨርሱ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩትና ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ በሉ፣ አዲሱ ስም ሌብል በሚለው አምድ ስር መምጣት አለበት።