ኑል ፖይንተር ተስተካከለ ሲባል፦ የጊትን ጥገና እንዴት እንገመግማለን?

ከጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ተሳፍረው አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ለሹፌሩ ሰጡት እንበል። ሲገልጠው ባዶ ነው። አስተዋይ ሹፌር «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሳይጠይቅ ይነዳና ገደል ይገባል። ፖይንተር ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያገኝበት አድራሻ ነው፤ ኑል ፖይንተር ደግሞ ያ ባዶ ወረቀት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊትም አብዛኛው ክፍሉ በሲ የተጻፈ ስለሆነ ይህ ስህተት አያጣውም።

አንድ ሰው ለእንዲህ ያለ ስህተት ማስተካከያ ልኮ እርስዎ ቢገመግሙት፣ ማስተካከያውን ከማንበብዎ በፊት ብልሽቱን በዓይንዎ ይዩት። የጊትን ኮድ ከነሙሉ ታሪኩ ያውርዱ። ኢንተርኔት ሲያዘግም የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ማውረድ ያጓጓል፤ ነገር ግን ስህተቱ ያለበት መስመር መቼና ለምን እንደ ተጻፈ የሚነግርዎ ታሪኩ ነው። እኔ ማውረዱን ለሌሊት እተወዋለሁ። ከዚያ ያልተስተካከለውን ኮድ የማስታወሻ አጠቃቀም ስህተትን በሚይዘው መሣሪያ በአድሬስ ሳኒታይዘር ይገንቡትና ብልሽቱን ያስነሱት፤ ፕሮግራሙ የወደቀበትን መስመርና እዚያ ያደረሱትን ጥሪዎች በቅደም ተከተል ያሳይዎታል። ላፕቶፑን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ፤ መብራት ግንባታው መሃል ሲደርስ መሄድ ይወዳል።

አሁን ባዶው ከየት እንደ መጣ ይፈልጉ፤ ነገርን ከሥሩ ነውና። ለምሳሌ ተጠቃሚው አንድን ታግ (ለአንድ ኮሚት የተሰጠ ቋሚ ስም) ቼክአውት ካደረገ፣ ማለትም ወደዚያ ኮሚት ከተሻገረ፣ በየትኛውም ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ላይ አይደለም። ያለበትን ብራንች የሚያመጣው ፋንክሽን ኑል ይመልሳል፤ ቀጣዩ መስመር የብራንቹን ስም ላንብብ ካለ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እዚህ ላይ ባዶው ሕጋዊ ነው፤ ማስተካከያው ለተጠቃሚው ብራንች ላይ እንዳልሆነ በግልጽ መንገር አለበት። ባዶው ፈጽሞ ሊደርስ የማይገባው ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ስህተቱን ተናግሮ መቆም አለበት፤ ጊት ለዚህ «ባግ» የተባለ የራሱ መሣሪያ አለው። «ባዶ ከሆነ ዝም ብለህ ተመለስ» የሚል አንድ መስመር ሳይ እጠረጥራለሁ። ውድቀቱን ያስቀራል፤ የተሳሳተ ውጤት ግን ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ፍተሻው ከአጠቃቀሙ በፊት መሆኑንም ይዩ፤ ከላይ ተጠቅሞበት ከታች ቢፈትሸው ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ፍተሻውን ጭራሽ ሊያስቀረው ይችላል። ያንኑ ፋንክሽን የሚጠሩ ሌሎች ፋይሎችንም ያስሱ።

በመጨረሻ ከማስተካከያው ጋር አብሮ የመጣውን ቴስት (መፈተኛ ኮድ) ያስኪዱ። ቀጥሎ ቴስቱን ባለበት ትተው ማስተካከያውን ብቻ ከኮዱ ያውጡና ይድገሙት። ቴስቱ አሁንም ካለፈ ምንም አልፈተነም።

ለማስተካከያው ጸሐፊ አስተያየት ሲሰጡ «ልክ አይደለም» ብቻ አይበሉ። ባዶውን ያመጣብዎትን ትእዛዝ እንዳለ ይጻፉለት፤ ራሱ ሞክሮ ያየዋል።