ከዱባይ ወደ ድሬ፦ ኤሌክትሮኒክስ ገዝቶ ለማምጣት

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ከአሜሪካ የጁስ መፍጫ ላከላቸው። ማንጎውን ልጠው፣ ቆራርጠው ሰኩት። ሦስት ሰከንድ ያህል በጣም ጮኸ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አክስቴ እስካሁን አልጣሉትም። የልጅ ስጦታ ነውና ቡፌው ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ውጭ አገር ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ገልብጡና አንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ባብዛኛው እንዲህ ነው። ጣጣው ያለው ሞተር ወይም ሙቀት ያለው ዕቃ ላይ ነው፤ መፍጫ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው። የዱባይና የጅቡቲ መብራት ከኛው ጋር ይስማማል። የዱባይ ሶኬት ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው መቀየሪያውን እዚያው ግዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ድሬ ያለውን ታይዋን የሚባለውን ገበያ አንድ ዙር ዙሩ። የምትፈልጉትን ሞዴል ስምና ዋጋ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የዱባይ ገንዘብ ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው። ሒሳቡን ዶላሩን በገዛችሁበት ዋጋ ሥሩት፤ የድሮውን ምንዛሪ እርሱት። ቀረጡን ስትደምሩበት አንዳንዴ ታይዋን ያለው ይረክሳል። ደግሞም ቢበላሽ ሻጩ ሰፈራችሁ ነው ያለው።

ዋናው ሥራ ባንኮኒው ላይ ነው። ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር አንድ ሱቅ ስልክ አስከፍቼ፣ ሞክሬ፣ ወድጄ ከፈልኩ። ልጁ «አዲስ ላምጣልህ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና የታሸገ ካርቶን ሰጠኝ። ሆቴል ገብቼ ስከፍተው ሌላ ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። የሞከርኩትን ስልክ ራሱን ነው የምወስደው። *#06# እደውላለሁ፤ 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያያለሁ፤ ያው ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍም እጠይቃለሁ። የራሴን ሲም ከትቼ ኔትወርክ መያዙን አያለሁ። ያገለገለ አይፎን ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዚያው አረጋግጡ፤ ካልወጣ ስልኩ የናንተ አይሆንም። ከአሜሪካ የሚመጣ አይፎን 14ና ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ሻጩ ቢያቻኩላችሁ አቦ ተዉት፣ ሌላ ሱቅ ግቡ። ዴይራ ሱቅ ሞልቷል።

ደረሰኝ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ። ዱባይ 5 በመቶ ቫት አለ፤ ጎብኚ ሆናችሁ ከ250 ድርሃም ጀምሮ ከገዛችሁ አብዛኛው ተመላሽ ይሆናል። ስትገዙ ፓስፖርት አሳዩና «ታክስ ፍሪ» ይሁንልኝ በሉ። ኤርፖርት ስትደርሱ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት አስመዝግቡት።

ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ወሰኑ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ሚሊአምፒሩን በ3.7 አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ 20,000ው 74 ይመጣል፣ ያልፋል። 30,000ው 111 ስለሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ላፕቶፕም በእጅ ይያዝ።

አደራ ላይ ጨክኑ። «ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ» የሚል አይጠፋም፤ የአገር ልጅን እንቢ ማለትም ይከብዳል። ግን ያልከፈታችሁትን ካርቶን አትያዙ። አንድ ዓይነት ስልክ ሦስት አራት ከተገኘባችሁም ለንግድ ነው የሚመስለው።

ጉምሩክ ላይ ያላችሁን ተናገሩ፣ ደረሰኙን አሳዩ። በቦሌም ግቡ፣ ከጅቡቲ በደወሌም ግቡ፣ ቀረጥ ከተባላችሁ ከፍላችሁ ወረቀቱን ተቀበሉ። ያ ወረቀት ከዕቃው እኩል ነው። ነገ ቴሌቪዥኑን ወደ አዲስ አበባ ብትወስዱ በአዋሽ መንገድ ኬላ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስንት ሰው ወረቀት አጥቶ በሐቅ የገዛውን ዕቃ ጥሎ ተመለሰ!

ቤት ስትደርሱ ወዲያው አትሰኩት። የድሬ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመጣው። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ መጀመሪያ ስታቢላይዘር (የቮልት ማስተካከያ) ግዙ፤ ተራ ዲቫይደር አያድነውም። ካርቶኑንም ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት።