አሮጌ ስልካችሁን የጠፈር ጨረር መያዣ አድርጉት

አራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ያላችሁ ፊዚክስ የምትወዱ ልጆች ስሙኝማ፣ የጠፈር ጨረር ለማየት የግድ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ስልክ ይበቃል። የስልክ ካሜራ ሴንሰር ሲሊከን ነው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የሄደው ቻንድራ የሚባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ካሜራውም ሲሊከን ነው። ሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ወደ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት (በጣም ትንሽ ጉልበት ነው) ብቻ ስለሚበቃ ሙኦን የሚባለው ጥቃቅን ቅንጣት ሲያልፍበት ምልክት ይተዋል። ሙኦኖቹ የሚፈጠሩት ከጠፈር የመጡ ፕሮቶኖች ላይኛውን አየር ሲመቱ ነው፣ አሁን ይሄን ስታነቡ ራሱ በሰውነታችሁ ውስጥ እያለፉ ነው።

ስልኩ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ችግር የለውም፣ ካሜራውና ባትሪው ይስራ እንጂ። ከሌላችሁ ፒያሳ ወይ መርካቶ ሞባይል ጥገና ቤቶች ጠይቁ፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ በሮው (ሴንሰሩ ያየውን ስልኩ ሳይነካካው እንዳለ በሚያስቀምጠው ፎርማት) ማንሳት መቻሉን አረጋግጡ፣ ይሄ ዋናው ነገር ነው። ለምን ካላችሁ፣ በተለመደው ጄፔግ ሲያነሳ ስልኩ ብቻዋን የበራችን ፒክስል ኖይዝ ናት ብሎ ያጠፋታል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሷኑ ነው።

ሌንሱን በፎይል ሁለት ጊዜ ደርባችሁ ሸፍኑ፣ ከዛ በጥቁር ናስትሮ ጠርዙን ሁሉ እሸጉት። ሙኦን የኮንክሪት ጣሪያ በስቶ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ፎይሉ ምንም አይለውም። በሌላ ስልክ መብራት ዙሪያውን እያበራችሁ አንድ ፎቶ አንሱና እዩ፣ አንዱ ጥግ ፈካ ካለ ብርሃን እያስገባ ነው እንደገና እሸጉት።

ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ ኦፕን ካሜራ የሚባለው ነፃ አፕ ላይ ሮው ከፍታችሁ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመያዝ አቅሙ) 800 አካባቢ፣ ሸተሩን (አንዱን ፎቶ የሚያነሳበትን ጊዜ) ስልካችሁ የሚፈቅደውን ያህል ረጅም፣ 10 ሰከንድ ከሆነ አሪፍ ነው፣ ከዛ ሪፒት ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ሜሞሪ ግን አስቡበት፣ የ12 ሜጋፒክስል አንድ ሮው ፎቶ 24 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ብታደርጉት ይሻላል፣ ቻርጅ ላይም አትሰኩት፣ ሴንሰሩ ሲሞቅ በራሱ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል።

ስንት ትጠብቃላችሁ? በባህር ጠለል ላይ በካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ ወደ 1 ሙኦን ነው የሚወርደው፣ የስልክ ሴንሰር ደግሞ 0.2 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ቢበዛ በ5 ደቂቃ አንድ፣ አብዛኛው ፎቶ ባዶ ነው ማለት ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ ይጨምርልናል፣ ግን መግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ስለሆንን የምድር ማግኔት ጉልበታቸው አነስ ያሉትን ፕሮቶኖች ይመልስብናል፣ ስለዚህ ቁጥራችሁን አውሮፓ ተራራ ላይ ካለ ሰው ጋር አታወዳድሩ። ስልኩን ካስተኛችሁት ብዙ ግን ነጥብ የሚያክል ነው የምታገኙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት ቁጥሩ ይቀንሳል ግን ረዘም ያለ መስመር የማግኘት እድላችሁ ይጨምራል፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ያቁመው ነው የምለው ምክንያቱም መስመር ስታዩ ጥርጣሬ አይኖራችሁም።

አሁን ትክክለኛው ሳይንስ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ክፈቱ፣ ሮውፓይ የሚባለው ላይብረሪ ያነበዋል፣ የሁሉንም ፎቶ ሚዲያን (ለእያንዳንዱ ፒክስል በቅደም ተከተል ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር) አውጡና ከእያንዳንዱ ላይ ቀንሱ። ሁሌ እዛው ቦታ የሚበራ ፒክስል ሆት ፒክስል ነው፣ አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋውን ነው የምንፈልገው። ቅርፁን እዩ፣ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ሙኦን የመሆን እድሉ ትልቅ ነው፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ ኤሌክትሮን ነው፣ ክብ ነጠብጣብ ግን ከግድግዳው ኮንክሪት ከራሱ የሚወጣ ጨረር ሊሆን ይችላል፣ ፖታሲየም 40፣ ዩራኒየም፣ ቶሪየም እዛ ውስጥ በትንሹ አሉ። ቻንድራም እንደዚሁ ነው የሚሰራው፣ እያንዳንዱን ምልክት 3 በ3 ፒክስል ላይ ቅርፁን አይቶ ደረጃ ይሰጠውና የኤክስሬይ የማይመስለውን ይጥላል፣ ለነሱ ሙኦን የመሰለው ነገር ቆሻሻ ነው ለኛ ደግሞ ዋናው።

ከተሳካላችሁ በዛው ስልክ የፎቁ ላይኛው ወለልና ምድር ቤት ፓርኪንግ ላይ እኩል ሰዓት አንሱ። ስትቆጥሩ ግን የቁጥሩን ስኩዌር ሩት እንደ ስህተት መጠን ያዙ፣ 40 ካገኛችሁ 40 ሲደመር ሲቀነስ 6 ነው፣ ላይ 40 ታች 35 ከሆነ ገና ምንም ማለት አይቻልም፣ ተጨማሪ ሌሊት ማንሳት ነው።