ገብቶ የቀረ ዲቪዲ አወጣጥ

የሰርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ዲቪዲ ወደ ፍላሽ መገልበጥ እንጀራዬ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ታዲያ ዲቪዲውን ብቻ አይደለም ይዞ የሚመጣው፤ ኮምፒዩተሩን ከነዲቪዲው ተሸክሞ ነው። «ገብቶ ቀረ፣ አልወጣም አለ» ይለኛል። አብዛኛው እቤት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ቢላዋ እስካልተነሳ ድረስ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ አንድ ፕሮግራም ይዞት ይሆናል። ማጫወቻውንም የተከፈተውን ፎልደርም ዝጉ። ዊንዶውስ ላይ የዲቪዲውን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ኢጀክት» በሉት። እምቢ ካለ ሪስታርት አድርጉና ዊንዶውስ ሳይነሳ የሲዲ ሩሙን ቁልፍ ተጫኑ። በዚያች ሰዓት ዲስኩን የሚይዝ ፕሮግራም የለም።

ይሄም ካልሆነ ወረቀት ማያያዣ አግራፍ ፈልጉ። ኮምፒዩተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ዲስኩ መሽከርከር እስኪያቆም ትንሽ ታገሱ። ከዚያ የሲዲ ሩሙን ፊት በስልክ መብራት ፈልጉት፤ ከቁልፉ አካባቢ አግራፍ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። አሮጌ ሲዲ ሩም ላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም ስላለ እሱን እንዳትጎረጉሩ።

አግራፉን አቃኑት፣ ሳታጋድሉ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። የሆነ ነገር ሲገታው ትንሽ ጫን በሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቀጭ ይልና ትሪው ብቅ ይላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ጥቂት ብቻ ስለሚወጣ ቀሪውን በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። የሲም ማውጫ ብዙ ጊዜ ያጥራል። ስቴኪኒ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ እዚያው ይሰበርና ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ትሪው ግማሽ መንገድ መጥቶ ሲጥ ሲጥ ካለ ቁሙ! ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከላይ የተለጠፈው የሙሽሮቹ ፎቶ ነው። የወረቀት ስቲከር በሙቀት ጠርዙ ይነሳና ጣሪያው ላይ ይይዛል። ትሪውን ትንሽ ወደ ውስጥ መልሱት፣ ጠንከር ያለ ስስ ወረቀት ከዲስኩ በላይ አስገብታችሁ ስቲከሩን ወደ ታች ተጫኑ፣ እንደያዛችሁት ሳቡ። ብረት አታስገቡ። ዲቪዲ ላይ መረጃው ያለው በሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መሃል ነው። ሲዲ ላይ ግን ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። ሰው የሚያብረቀርቀውን ፊት ሲጠነቀቅ ዋናውን ይፍቀዋል።

ዘመድ ከውጭ የላከው አሮጌ ማክቡክ ከሆነ ትሪ የለውም፣ ዲስኩን በቀጭን ስንጥቅ ይውጠዋል። ቀዳዳም አትፈልጉ። ሪስታርት አድርጉና ዲስኩ እስኪወጣ የማውሱን ወይም የትራክፓዱን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ትንሿን የ8 ሴንቲሜትር ሲዲ እንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ አትክተቱ።

በየጊዜው የሚይዝ ዴስክቶፕ ሲዲ ሩም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ላስቲክ ላልቷል። ዲስኩን ከላይ የሚይዝ ማግኔት አለ፤ የላላ ላስቲክ እሱን ማላቀቅ ያቅተዋል። ላስቲኩ ይቀየራል፣ ግን ያገለገለ ሲዲ ሩም ብትገዙ ከጣጣ ትድናላችሁ።

ምንም ካልሠራ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ሲዲ ሩሙ ይሰዋ። የእናታችሁ ሰርግ ሌላ ኮፒ የለውም። ሲዲ ሩም ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ከሥር አንድ ብሎን ይፈታላቸውና ሲዲ ሩሙ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ከዚያ ክዳኑን በትንሽ ካቻቢቴ መፍታት ነው።

ዲስኩ ከወጣ በኋላ ወደዚያው ማሽን አትመልሱት። ከመሃል ወደ ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ወዲያው ገልብጡት። የተነሳውን ስቲከር ለመላጥም አትሞክሩ፤ ሲዲ ከሆነ መረጃውን ይዞት ይነሳል።