የጋራ ልብስ ማጠቢያው ጠብ እንዴት ቆመ (ድሬዳዋ፣ ኮንዶሚኒየም)

ጠቡን የሚያስነሳው የተደፈነው የፍሳሽ ቀዳዳ ነበር። «ማን ደፈነው?» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የውሃው ነው። የድሬ ውሃ የከርሰ ምድር ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል። ደረቅ ሳሙና ሲነካው አረፋ በማውጣት ፈንታ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ እሱ ከክርና ከፀጉር ጋር ተያይዞ ቱቦውን ያንቃል።

ክዳኑ ተነሥቶ ቆሻሻው ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ተጎትቶ ወጣ። ዝቃጩ በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ ፍል ውሃ መድፋት ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ተደረገ፤ አጥቦ የጨረሰ ወንፊቱን አራግፎ ይሄዳል። የዱቄት ሳሙና ከደረቁ ያነሰ ዝቃጭ ይተዋል። በረኪና የገባበትን ሳፋ ሳያለቀልቁ ለጎረቤት ማቀበል ግን ነውር ነው፤ የሰው ቀሚስ ያበላሻል።

ወረፋው ውሃ በሚመጣበት ቀን ሆነ። መጀመሪያ ሁሉም የመጠጥ ጀሪካኑን ይሞላል፣ አጣቢ ቀጥሎ ነው። ልብሱን ማታ ዘፍዝፎ ያደረ ሰው ቧንቧውን ቶሎ ይለቃል።

ገመዱ ላይ ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ በዚህ ፀሐይ ስስ ልብስ ወዲያው ስለሚደርቅ ማሳደር ምክንያት የለውም። የደረቀውን ልብስ ጎረቤት አውርዶ፣ አጥፎ ሳፋው ውስጥ ያስቀምጣል። የውስጥ ልብስ ከሆነ አይነካም፣ ባለቤቱ ይጠራል። ባለቀለም ልብስ ተገልብጦ ይሰጣ፣ አለዚያ ይነጣል። ብርድ ልብስና ጋቢ የሚያጥብ ከዋዜማው ይናገር፤ ገመዱን ሙሉ ስለሚይዘው።