ፋክተሩ ሲበዛ፦ ኤስፒኤስኤስ ዘጠኝ ያለው እንዴት አራት ይሆናል?

ሰኔ ከገባ ጎንደር ላይ ስልኬ አያርፍም። ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ) የደረሰባቸው ተማሪዎች ናቸው። የመጠይቃቸውን ጥያቄዎች ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ወደ ጥቂት ፋክተሮች ይሰበስባሉ፤ ፋክተር ማለት መልሳቸው አብሮ የሚሄድ ጥያቄዎችን የሚያገናኝ የጋራ ሐሳብ ነው። ፒያሳ ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ስንከፍት ችግሩ ያው ነው።

ምልክቱ፦ ፋክተሩ በዝቷል። የመጨረሻዎቹ ስም አይወጣላቸውም። አንዳንዱ ላይ ያሉት ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው።

መንስኤው፦ ኤስፒኤስኤስን ካልነካችሁት አይገን ቫልዩው (ፋክተሩ ከመልሶቹ ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር) ከ1 የበለጠውን ፋክተር ሁሉ ያስቀራል። ተመራማሪው ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ያስለመደው ደንብ ነው። ናሙና ውስጥ ግን በአጋጣሚ ብቻ የሚፈጠር ዝምድና አለ። ጭራሽ የማይገናኙ የዘፈቀደ ቁጥሮች ብታስገቡ እንኳ ከአይገን ቫልዩዎቹ ግማሽ ገደማው ከ1 ይበልጣል።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ 32 ጥያቄና 210 መላሽ ይዛ መጣች። ዘጠኝ ፋክተር ወጥቶላት ስም ስታወጣላቸው ሁለት ሳምንት ፈጅታለች። ስምንተኛውን «ተደራሽነት» ብላዋለች። ከፍተን አየነው። «ጤና ጣቢያው ከቤቴ ይርቃል» እና «ጤና ጣቢያው ለመድረስ ብዙ እሄዳለሁ» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ፋክተር ሆነ! ስድስተኛው ደግሞ በአሉታ የተጻፉትን ጥያቄዎች ብቻ ሰብስቧል። የሚያገናኛቸው አጻጻፋቸው እንጂ ሐሳባቸው አይደለም። በጣም ነው ያሳዘነችኝ፤ ያን ያህል የደከመችበት ፋክተር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

መፍትሄው፦ ፓራለል አናሊሲስ። ተመራማሪው ሆርን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከካይዘር አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬም «ከ1 በላይ» ብሎ ከሌላ ሰው ቴሲስ መገልበጥ ያናድደኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። የእናንተን ያህል ጥያቄና መላሽ ያለው የዘፈቀደ ዳታ ብዙ ጊዜ ይፈጠራል። ከዚያ አይገን ቫልዩዎቹን በተራ ታነጻጽራላችሁ። የልጅቷ አራተኛ አይገን ቫልዩ 1.8 ነበር፣ የዘፈቀደው 1.6፤ አለፈ። አምስተኛው 1.4፣ የዘፈቀደው 1.5፤ እዚያ ላይ ቆመ። አራት ፋክተር።

አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከሆነ ሳይክ (psych) የሚባለው ፓኬጅ ይሠራላችኋል። ለኤስፒኤስኤስ ኦኮነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲንታክስ (ዝግጁ የትእዛዝ ጽሑፍ) አለ። የመላሹን ቁጥር ስታስገቡ ግን ተጠንቀቁ! ያልተሟላ መጠይቅ ተጥሎ 210ሩ 160 ከሆነ፣ የሚገባው 160 ነው። በዚህ ስህተት ሁለት ቀን ያባከነ ልጅ አውቃለሁ።

ስክሪ ፕሎቱንም እዩት፤ አይገን ቫልዩዎቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ በመስመር የሚያሳየው ግራፍ ነው። ስክሪ ማለት ሊማሊሞ ገደል ሥር እንደምታዩት ከላይ ተንዶ የተከመረ ኮረት ነው። የሚፈለገው ከኮረቱ በላይ ያለው ገደል ነው። አንዳንዴ ግን መታጠፊያው ሁለት ቦታ ይታያል፤ ስለዚህ ብቻውን አትመኑት።

ከዚያ ኤስፒኤስኤስ ላይ ኤክስትራክሽን (ፋክተር ማውጫው) ውስጥ ገብታችሁ የፋክተሩን ቁጥር ራሳችሁ ጻፉ። 3፣ 4 እና 5 አድርጋችሁ አሂዱትና ጥያቄዎቹን አንብቡ። የማውጫ ዘዴው ፕሪንሲፓል ኮምፖነንትስ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ወደ ፕሪንሲፓል አክሲስ ቀይሩት። ፋክተሮቹ ይዛመዳሉ ብላችሁ ካሰባችሁ ከሮቴሽን (ፋክተሮቹን ለማንበብ እንዲቀሉ ከሚያዞሩት) ዘዴዎች መካከል ፋክተሮቹ እንዲዛመዱ የማይፈቅደውን ቫሪማክስን ትታችሁ የሚፈቅደውን ኦብሊሚን ተጠቀሙ።

ኮሚውናሊቲ (ከአንድ ጥያቄ ልዩነት ፋክተሮቹ በጋራ የሚያብራሩት ድርሻ) ከ1 በላይ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ፋክተር አብዝታችኋል፤ አንድ ቀንሱና ድገሙት።