ኪንደርጋርተን ስታስመዘግቡ አማርኛችሁን አትደብቁ

«ልጄ አዲስ አበባ ኬጂ ሁለትን ጨርሷል፤ ለምን አንደኛ ክፍል አያስገቡትም?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የሚታየው ዕድሜው እንጂ የጨረሰው ክፍል አይደለም። እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 26፣ አምስት ዓመት የሞላው ከአንደኛ ክፍል በፊት ወዳለው ኪንደርጋርተን ይገባል። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት የሚሞላውን ይቀበላሉ። የልደትና የክትባት ካርዱን በፈረንጆች ቀን አስተርጉማችሁ ሂዱ፤ የቺክንፖክስ ክትባት አገር ቤት በመደበኛው ስለማይሰጥ እዚህ መውሰዱ አይቀርም።

ከምዝገባው የወረቀት ክምር መሀል ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ፎርም አለ። «እንግሊዝኛ በሉ፣ አለዚያ ልጃችሁን ከደካሞች ጋር ይመድቡታል» የሚል ምክር በየቡናው ይሰማል። እኛም እንደተመከርነው ሞላን። በዚህ ምክንያት ልጃችንን የቋንቋ ፈተና የሰጣት የለም፤ የኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ የሚሰጥ የቋንቋ ድጋፍ) መምህርም አልተመደበላትም። አስተማሪዋ «ቀዩን እርሳስ አንሡ» ስትል፣ መጀመሪያ የጎረቤቷን እጅ ታያለች፤ ከዚያ ታነሣለች። አስተማሪዋ ችግሩ ቋንቋ መሆኑን በምን ትወቅ? ለስፔሻል ኤጁኬሽን (ለልዩ ፍላጎት ትምህርት) ትመርመር አለች። ፎርሙን ለማስተካከል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከን፣ ልጅቷ ያለ እርዳታ ገና አልፎ ፋሲካ ደረሰ።

እባካችሁ ቤት የምትናገሩትን ጻፉ፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ። ኢሶልን ካልፈለጋችሁ በኋላ አንፈልግም ማለት መብታችሁ ነው። የሚያስፈራችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ፣ በፈረንጆች ከ1982ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወረቀት የለውም ብሎ ልጅን መመለስ አይችልም።

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ክፍል ውስጥ ዝም ሊል ይችላል። እየሰማ ነውና አታስጨንቁት። እናንተም በማትችሉት እንግሊዝኛ አታናግሩት። በአማርኛ ተረት ንገሩት፣ መልሶ እንዲነግራችሁም ጠይቁት፤ ነገርን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መተረክ የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይሄዳል።

«ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ይውላል» ብላችሁ አስተማሪ ላይ የምትቆጡ ደግሞ አላችሁ። ፕሌይዶ (የመጫወቻ ሊጥ) ሲያድቦለቡል የጠነከረው ጣት ነው እርሳስ የሚይዘው። ብሎክ ሲደረድር የቱ እንደሚረዝም ያመዛዝናል፤ ተራ መጠበቅንም ይለምዳል። ዓመቱ ሲያልቅ እስከ 100 መቁጠር፣ እስከ 10 መደመርና መቀነስ፣ አጫጭር ቃላትንም ማንበብ ይጠበቅበታል። ለማንበብ የፊደሉ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ ስም መደርደር ብቻውን አያስነብብም። ሪፖርት ካርዱ ላይ ደረጃ የለም፤ ስለዚህ «ስንተኛ ወጣ?» የሚለውን ትታችሁ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግረው ጠይቁ።

ለዚህ ጥያቄ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ። ታላቅ ወንድሙን አታስተርጉሙ። የአስተማሪው ቀጠሮ እንደደረሳችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ላይገኝ ይችላል።